አንድ ኮከብ ለእትየ ቤት

ለሁለት ወር ያህል ምሳዬን የበላሁት በየቀኑ ከሚረግሙኝ ሴት እጅ ነው። የሚረግሙት እኔን መሆኑን አያውቁም ብዬ ስለማምን አጎንብሼ እጎርሳለሁ። «አሜን» ያልኩበት ቀንም አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር «አሜን» ሲል እኔ ዝም ብል ያስጠረጥረኛላ።

ነገሩ የሆነው መተማ ዮሐንስ ነው። ስልኩ ሁሉ በጣት የሚነካ በሆነበት ሰሞን እዚያ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። የኮምፒውተር መምህር ስላችሁ እንዳትሳሳቱ። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች በሙቀቱና በአቧራው ብዛት አብዛኞቹ ሞተው ስለነበር፣ እኔ ማውስ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ «ይኸ በግራ በኩል ያለው ይጫናል» እያልኩ ነበር የማስተምረው። ስለዚህ አንድ የእውነት የኢንተርኔት ሥራ ሲገጥመኝ ማንም ሳይለምነኝ ዘልዬ ገባሁበት። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የምኖረው ወደ ድንበሩ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ዘጠኝ የኪራይ ክፍሎች አሉት፤ ከጓሮ በኩል ደግሞ የኔ የወር ኪራይ ክፍል አለች። ግቢው መሃል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ሱዳኖቹ አንገሬብ የሚሏቸው የገመድ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ሙቀቱ ሲብስ እንግዳ ከክፍሉ ወጥቶ እዚያ ይጋደማል። የቤቱ ባለቤት ስልሳን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው ከጎንደር ወርደው በዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። ከተማው ሁሉ እትየ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ከተማው እትየ እላቸዋለሁ። እጃቸው ሙያ አለው። ጨው ግን ያበዛሉ። ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም «በዚህ ሙቀት የወጣ ላብህን በምን ልትተካው ነው?» እያሉ ደጋግመው አፌን አስይዘውኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ፊት ለፊታችን ፎቅ ተሠራ። ሰማያዊ መስታወት የለበሰ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች የተቀመጡበት፣ የአንድ የሰሊጥ ባለሀብት ሆቴል ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እትየን ሲያይ ከመኪናው ወርዶ ነበር ሰላም የሚላቸው። ነገር ግን ሆቴሉ ከተከፈተ ወዲህ የእትየ ክፍሎች አንድ በአንድ ባዶ መዋል ጀመሩ። ከአዲስ አበባና ከጎንደር የሚመጣው ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ በስልኩ ይፈልጋል፤ ስልኩም ፎቁን ነው የሚያሳየው።

እትየ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ጎንደር ነርስ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እትየ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ስለሚያወሩ ግቢው ሁሉ ሳይወድ በግዱ የቤተሰቡ አባል ነው።

«እማየ፣ ለማን ብለሽ ነው በዚያ እሳት ውስጥ የምትቀመጭው? ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ቤቱን ዝጊና ነይ።»

እትየ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ኒሙን ያያሉ። ራሳቸው የተከሉት ነው። በዚያ ዓመት፣ አጨዳው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው። «ይኸ ሰሊጥ ተጭኖ እስኪያልቅ ጊዜ ስጭኝ። ቤቱ ከሞላ እኖራለሁ። ካልሞላ መጥተሽ ውሰጅኝ፤ አልከራከርሽም።»

በሰሊጥ ወቅት ያልሞላ ቤት በሌላ ጊዜ እንደማይሞላ መተማ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለዚህ ነገሩ ተቆረጠ ማለት ነው። እትየ ስልኩን ዘግተው ወደ ማጀት ሲገቡ ትከሻቸው ወርዶ ነበር። አሳዘኑኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ከእሳቸው ጋር ምሳዬም፣ ጥላዬም፣ ልብሴን የማሰጣበት ገመድም አብረው ሊሄዱ መሆኑ ትዝ ብሎኝ ለራሴም አዘንኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰሊጥ ገዢ ጠዋት ደጃችን ላይ ቆሞ የቤቱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ስልኩን እንደ ማስረጃ ይዞ ገባ።

«ትናንት ስፈልጋችሁ ዋልኩ እኮ» አለ። «ስልኩ ቀጥል፣ ቀጥል ይለኛል። ድልድዩ ላይ ስደርስ ጠባቂው ወዴት ነው አለኝ። ፔንሲዮን አልኩት። ፓስፖርት ይዘሃል ወይ አለኝ።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። እውነት ነው፤ የእትየ ቤት በካርታው ላይ ከድልድዩ ማዶ፣ ጋላባት ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ደግ እንግዳ ቤቱን ካርታ ላይ ልጨምርላቸው ያለው ሱዳን ከገባ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ የቆመበት ላይ ተክሎት ሄዷል። ሰሊጥ ገዢው መንገድ ሲጠፋው ፎቁ ውስጥ አድሮ አሁን ወደ ኮኪት ሊወጣ ነው።

እትየ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው ስልኩን ከሩቅ ተመለከቱት። «በዚህ እጀ ስጠርገው የኖርሁትን ደጅ ማን አንስቶ ሱዳን ወሰደው?» አሉ።

«አይዞዎት እትየ፣ እኔ እመልሰዋለሁ» አልኩ። እንዲህ ያልኩት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ቤቱን ከሱዳን መመለሱ አራት ቀን ፈጀ። በግቢው ውስጥ ስልኬ የሱዳንን ኔትወርክ እየጎተተ ስላስቸገረኝ፣ የውሃ ታንከሩ የተቀመጠበት ብረት ላይ ወጥቼ ነበር የምሠራው። እትየ ከታች ሆነው «ድልድዩን ተሻገረ?» ይሉኛል። «ገና ነው እትየ።» «ኬላ ላይ ያዙት እንዴ?» በአምስተኛው ቀን ቤቱ መተማ ገባ። ስልክ ቁጥር ጨመርኩ፣ «ሙሉ ቀን ክፍት» ብዬ ጻፍኩ፤ ፎቶ ብቻ ቀረ።

የፎቶው ቀን እትየ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። አንደኛው ክፍል ገብተው ከአልጋው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እትየ፣ አልጋው እንዲታይ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ።»

«ባለቤት የሌለው ቤት ነው እንዲባል ነው? አንሳ።»

አነሳሁ። ዘጠኝ ክፍል ዘጠኝ ጊዜ እትየ። አልጋው በጎንና በጎናቸው ትንሽ ትንሽ ይታያል። እንግዳ ከሩቅ ሲያየው እያንዳንዱ ክፍል ከአንዲት ሴትዮ ጋር የሚከራይ ሊመስለው ይችላል ብዬ ሰጋሁ፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል።

አሁን ኮከቦቹ ላይ ደረስን። እትየን ኒሙ ሥር አስቀምጬ በመምህርነት ድምፄ አስረዳኋቸው። ያደረ ሰው ሁሉ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፣ አምስት ከሁሉ ይበልጣል፣ ፎቁ አራት ነጥብ ምናምን አለው፣ እኛም ደንበኞቻችን አምስት አምስት እንዲሰጡን እንጠይቃለን አልኳቸው። በጽሞና አዳመጡኝ።

«ይኸን ማን ያየዋል?» አሉ።

«ዓለም በሙሉ።»

«ገማቾቹም?»

«ስልክ ካላቸው እነሱም ያያሉ» አልኩ። እዚህ ላይ ምላሴን ብነክስ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ገማች የሚባሉት በየሱቁና በየሆቴሉ እየዞሩ የቀን ገቢ የሚገምቱ የግብር ሰዎች ናቸው። ገማች መጣ ከተባለ በመንገዳችን ላይ ያለ ነጋዴ ሁሉ ፊቱ ይጠወልጋል። አዲሱ ወንበር ወደ ጓዳ ይገባል፣ አሮጌው ይወጣል። ሲበላ የነበረ ደንበኛ እንኳ ሳይለምኑት «ዛሬ ገና እኔ ነኝ የመጀመሪያው» ይላል። ይህ ሕግ የተጻፈበት ቦታ የለም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። እትየ ያን ቀን «ደግ ነው» ብለው ተነሱ። በሥራዬ ረክቼ ሄጄ ተኛሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬን ከፍቼ የቤታችንን ስም ስፈልግ፣ ዘጠኝ ሰዎች ኮከብ ሰጥተዋል። ዘጠኙም የሰጡት አንድ አንድ ነው።

አስተያየቱን ማንበብ ጀመርኩ። ከአብርሃ ጅራ ሰሊጥ የሚጭነው ሾፌር፣ ያ አጠገቤ የሚበላው፣ እንዲህ ጽፏል፤ «ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው አስታመሙኝ። እናቴም ከዚህ በላይ አታደርግም።» አንድ ኮከብ። ከሽንፋ የሚመጣው የጤና ባለሙያ፤ «እጅግ ንጹሕ ቤት ነው። አንሶላው በየቀኑ ይታጠባል። በታዘዝኩት መሠረት አንድ ሰጥቻለሁ።» ሌላው ደግሞ፤ «እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።» አንድ።

በታዘዝኩት መሠረት! ለካ እትየ ከምግብ በኋላ እጅ ለማስታጠብ ሲመጡ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው ይዘው «ስልክህን አውጣ» ይሉ ኖሯል። «አንድ ስጥ። እንዳትጨምር።» ሰውየው ስልኩን ካላሳየ ውሃው አይወርድም።

እየበረርኩ ማጀት ገባሁ። «እትየ፣ አንድ ማለት እኮ የመጨረሻው መናኛ ማለት ነው!»

«አውቃለሁ፤ ነግረኸኝ የለ?» ሽንኩርታቸውን ከመክተፍ ቀና አላሉም። «ሽንት ቤቴ ውጭ ሆኖ ባለ አምስት ኮከብ ነኝ ብየ ላስጽፍ? ገማቾቹ አምስት ወዳለው ይሂዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው መምህር።»

«እንግዳ አይመጣማ!»

«እንግዳ በእግሩ ነው የሚመጣ፣ በኮከብ አይመጣም። ይኸ ያንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። በል ውጣልኝ፣ ጭሱ ዓይንህን ያጠፋዋል።»

ወጣሁ። ግን እኔ ሰው ሲያዋርዱት የሚተኛ ሰው አይደለሁም። የውሃ ታንከሩ ብረት ላይ ወጣሁና «መንገደኛ» በሚል ስም አምስት ኮከብ ሰጠሁ። እንዲህም ብዬ ጻፍኩ፤ «ቤቱ ንጹሕ፣ ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ባለቤቷ ሰው መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሴት ናቸው። እዚህ ያደረ ሰው ቤቱ ያደረ ያህል ነው። ምግቡም ይጣፍጣል፤ ጨው ብቻ ትንሽ ይበዛል።» የመጨረሻዋን ያስገባኋት ውዳሴው እንዳይበዛና ተአማኒ እንዲሆን ነው። የቤቱ ነጥብ ከአንድ ወደ አንድ ነጥብ አራት ከፍ አለ።

በማግስቱ ሾፌሩ ምሳ ላይ ይህን ለእትየ አበሰራቸው። «እትየ፣ አንድ ሰው አምስት ሰጥቶዎታል።»

እትየ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። «ማን ነው ይኸ ጠላቴ?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ «ስልክህን አውጣ» ማለቱ ቀርቶ እርግማኑ የምሳችን አካል ሆነ። እኔ ጠቅልዬ ወደ አፌ ላደርስ ስል ጠብቀው «አምስት የሰጠኝ እጅ ጉርሻ አይጨብጥ!» ይላሉ። እጄ አየር ላይ ይቀራል። ሾፌሩ «አሜን» ይላል። እኔም «አሜን» እላለሁ። ሾፌሩ ፎቁን ይጠረጥራል፤ «እነሱ ናቸው፣ ግብር ሊያስቆልሉብዎት» ይላል። እኔም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ አልፎ አልፎ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ እደግፈዋለሁ። አንድ ሌላ ቅጣትም ነበረብኝ። በዚያ ሰሞን የሽሮዬ ጨው ጠፋ። በንዴት ረስተውት ነው ብዬ ገመትኩ፤ በደለኛ ስለሆንኩም ጨው ያምጡልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

አጨዳው ተጀመረ። ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ መንገዱን ሞላው፤ የጭነት መኪናው ከእርሻ እርሻ ይመላለሳል፤ ፎቁ በር ላይ የሚቆመው የመስክ መኪና እየበዛ ሄደ። ከእኛ ዘንድ ከዘጠኙ ክፍል የተያዘው ሦስቱ ነው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት አለፈ። እሑድ ልጅቱ ትደውላለች፤ «እማየ፣ ሞላ?» እትየ «ገና ነው» ይላሉ፤ ድምፃቸው እሑድ በመጣ ቁጥር ዝቅ እያለ ሄደ። አንድ ቀን የበዓል ቀሚሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሲያስቀምጡ አየኋቸው። በጣም ፈራሁ። ዝም ብዬ ብተዋቸው ኖሮ ቤታቸው ሱዳን ሆኖም ቢሆን በሰላም ይኖሩ ነበር፤ እኔ ግን ዓለም በሙሉ መናኛነታቸውን እንዲያነብ አደረግሁ። ጨው አልባ ሽሮዬን ይዤ ራሴን ረገምኩ፤ ለዚያኛው «አሜን» ያለልኝ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን አንድ አቧራ የለበሰ የመንግሥት መኪና ደጃችን ላይ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ከባሕር ዳር ለክትትልና ድጋፍ የመጡ ናቸው። ከሦስቱ ሽማግሌው ስልኩን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እትየን።

«ባለ አንድ ኮከቡ ቤት ይህ ነው?»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትየ ግን «ነው፤ ግቡ» አሉ።

«ተመስገን» አለ ሰውየው፤ ከልቡ ነው ያለው። በኋላ ኒሙ ሥር ተቀምጦ ሲያጫውተን ነገሩ ገባኝ። «የኛን አበል ታውቋታላችሁ። አራትና አምስት ኮከብ ያለውን ስናይ ዋጋውን ሳንጠይቅ ነው የሸሸነው። አንድ ኮከብ ስናይ ይህ የኛ ቤት ነው አልን። አስተያየቱን ብናነበው ደግሞ ወባ ቢይዘን እንኳ የሚያስታምመን አለ ተባባልን።»

አበል የሚበላ የመንግሥት ሠራተኛ ርካሽና ንጹሕ ቤት ካገኘ ምሥጢር አይጠብቅም። እሱ ለመሥሪያ ቤቱ ነገረ፣ መሥሪያ ቤቱ ለጎረቤቱ። የእንስሳት ሐኪሞች መጡ፣ የኅብረት ሥራ አሠልጣኞች መጡ፣ ፈታኝ መምህራን መጡ። ሁሉም ስልካቸውን ከፍተው «አንድ ነጥብ አራት፣ ይህ ነው!» እያሉ ይገባሉ። ከኅዳር አጋማሽ በፊት ዘጠኙ ክፍል ሞልቶ የገመድ አልጋዎቹም ተያዙ።

ገማቾቹም ደረሱ። ሁለት ነበሩ፤ እነሱም አበልተኞች ናቸውና ከመገመታቸው በፊት በዚያን ዕለት በተለቀቀው ሰባተኛ ክፍል ገብተው አደሩ። በማግስቱ መዝገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። እትየ ዋሽተው አያውቁም፤ ዘጠኙም ክፍል እንደሞላ ራሳቸው ነገሯቸው። ወጣቱ ገማች ስልኩን አየና ለሽማግሌው ባልደረባው በሹክሹክታ «አንድ ነጥብ አራት» አለው። ሽማግሌው እትየን በሐዘን ተመለከታቸው።

«አይዞዎት እናቴ፣ ይሻሻላል» አለና ግምቱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ።

«እግዜር ያውቃል ልጀ» አሉ እትየ አንገታቸውን ደፍተው። እኔ ሳቄ ስላመለጠኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሲሄዱ እትየ ተከትለውኝ መጥተው «አላልሁህም?» አሉኝ፤ «ያችን ነጥብ አራት ያመጣብኝ ባይኖር ደግሞ ይብስ ያዝንልኝ ነበር።»

ኅዳር መጨረሻ ላይ ልጅቱ እናቷን ልትወስድ ባዶ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። የሚከራይ አልጋ አልነበረም። እናቷም የራሳቸውን አልጋ ለአንዲት የታመመች እንግዳ ለቀውላት ስለነበር፣ ልጅቱ ኒሙ ሥር በአንድ የእንስሳት ሐኪምና በአንድ አሠልጣኝ መሃል ባለ ገመድ አልጋ ላይ ተጋደመች። ሲነጋ አንሶላ አጠበች፤ በሁለተኛው ቀን ሻይ አቀረበች። ስለ መሄድ ማንም አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ባዶ ሻንጣዋን ሰሊጥ ሞልታ ብቻዋን ተመለሰች። መኪናው ሲነሳ እትየ እጃቸውን ዘርግተው ሸኟት፤ ከዚያ የበዓል ቀሚሳቸውን ከላስቲኩ አውጥተው መልሰው ሰቀሉት።

የኔ ዝውውር የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ ጎንደር። የመጨረሻውን ምሳ ስበላ እትየ ከፊቴ ተቀመጡ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ግን በደረቁ አወጣሁት።

«እትየ፣ ያ አምስት የሰጠዎት ጠላት እኔ ነኝ።»

አልደነገጡም። «አውቃለሁ» አሉ። «በዚያው ቀን አንተ ስትወጣ ደውየላት ልጀ በስልክ አነበበችልኝ። ከጋላባት እስከ ጎንደር የኔን ጨው በዛ የሚል ካንተ ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሲረግሙኝ?»

«ማን ረገመህ? ልብ ያላለው እርግማን አይደርስም። ጉርሻህን ይዘህ ስትቀር ፊትህን ማየት ደስ ይለኝ ነበር እንጅ። ጨውስ ቢሆን አልቀነስሁልህም?»

ያ ሁሉ አልጫ ሽሮ ትዝ አለኝ። በደሌን የማስተሰርይበት ቅጣት መስሎኝ ነበር የበላሁት።

«ለምን አጥፋው አላሉኝም?» አልኩ።

እትየ ከመሶቡ ጠርዝ ላይ የወደቀችውን ፍርፋሪ በጣታቸው ለቀሙ። «ዘጠኙ ያዘዝኋቸውን ኮከብ ሰጡ» አሉ። «አንተ የልብህን ሰጠህ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ እንኳ እውነት ይኑር ብየ ተውሁት።»

አቀርቅሬ ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ። በዚያ ቀን ጨዉ እንደ ድሮው በዝቶ ነበር። ምንም ሳልል ጠርጌ በላሁት።